ጂ እና ኤች ምን ይሠራሉ?

የእህቴ ልጅ ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣችው ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ዝናቡ ከደጅ አላስወጣ ባለበት ሰሞን ነው። 11 ዓመቷ ነው። ሻንጣዋ ሲከፈት ለእናቴ ቫይታሚን፣ ለባለቤቴ ሽቶ፣ ለእኔ ከልኬ አንድ ቁጥር ያነሰ ጫማ ወጣ። ከሁሉም ሥር አንድ ጠፍጣፋ ካርቶን ተጋድሟል፤ ሲነቀነቅ ውስጡ እንደ ገበጣ ጠጠር ይንኮሻኮሻል።

«ጋሼ፣ ስክራብል ትችላለህ?»

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። እኔ በመሥሪያ ቤታችን «እስቲ እንግሊዝኛውን እይልኝ» እየተባለ ደብዳቤ የሚመጣልኝ ሰው ነኝ። «ሂርባይ» የት እንደሚገባ፣ «ዌርአዝ» የት እንደሚያምር አውቃለሁ። ፈረንጅ ሲመጣ አለቃዬ ከጎኑ ያስቀምጠኛል። እንግሊዝኛን የተማርኩት ደግሞ በጨዋታ አይደለም፤ በዲክቴሽን ነው፣ በሳትኩት ፊደል ልክ አለንጋ እየተቆጠረልኝ። ይህን ያህል የተገረፍኩበት ቋንቋ በካርቶን ታሽጎ መጥቶ «ትችላለህ?» ስባል ሳቅ አልኩና ጋቢዬን አስተካክዬ ተቀመጥኩ።

ለማያውቀው ሰው ጨዋታው ይህ ነው። 15 በ15 የሆነ ሰሌዳ አለ። 100 ጠጠሮች አሉ፤ በ98ቱ ላይ አንዳንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ታትሟል፣ ሁለቱ ባዶ ናቸውና የደረሱት ሰው የፈለገውን ፊደል ያደርጋቸዋል። ሰባት ሰባት ጠጠር ተይዞ፣ ጋዜጣ ላይ እንደምናውቀው ወደ ጎንና ወደ ታች ቃል እየተሠራ ይደረደራል። ፊደሎቹ ነጥብ አላቸው። ከጧት እስከ ማታ የሚለፉት እነ ኢ፣ እነ ኤ አንድ አንድ ነጥብ ይዘው ይኖራሉ፤ አልፎ አልፎ ብቅ የሚሉት ኪውና ዜድ 10 10 ይከፈላቸዋል። ይህ የደሞዝ ስኬል ከየት እንደተቀዳ ለመንግሥት ሠራተኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

በአራተኛው ተራዬ «ናይት» የምትል ቃል ሠራሁ። ሌሊት ማለት ነው። ኤን፣ አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ፤ በልጅነቴ በዜማ የሸመደድኳት ናት። 9 ነጥብ። ለአንድ ሕፃን ይህ ይበቃታል ብዬ ቡናዬን አነሳሁ።

ልጅቷ መዳፏን ከፈተች፣ አንዲት ኬ አወጣች፣ ከእኔ ናይት ፊት ለፊት ለጠፈቻት።

«ናይት» አለች።

«እሱንማ እኔ ጽፌዋለሁ እኮ!»

«ያ ሌላ ነው ጋሼ። ይሄ ብረት ለብሶ ፈረስ ላይ የሚቀመጠው ናይት ነው።»

«ኬዋ ታዲያ ምን ትሠራለች?»

«ምንም። ሳይለንት ናት።»

በጨዋታው ሕግ ሰው የሠራው ቃል ላይ ቀጥሎ የሠራ የቃሉን ሙሉ ነጥብ ይወስዳል። እኔ የደከምኩበትን 9 ነጥብ ኬ ከያዘቻት 5 ነጥብ ጋር ደምራ 14 ጻፈች። በሚቀጥለው ተራዋ ደግሞ በስተኋላው አንዲት ኤስ ጨመረችና ፈረሰኛውን ፈረሰኞች አድርጋ 15 ነጥብ አፈሰች። እኔ አንድ ሌሊት ዘርቼ እሷ ሁለቴ አጨደችው ማለት ነው።

ያን ዕለት ቁጭ ብዬ ፈረሰኛውን መረመርኩት። ስድስት ፊደል አለው። ኬ አትናገርም፣ ጂ አትናገርም፣ ኤች አትናገርም። ግማሹ ሠራተኛ ፈርሞ የወጣበት ቢሮ! ቃሉን ተሸክመው የሚውሉት ሦስት ብቻ ሲሆኑ ነጥቡን በብዛት የሚበሉት ግን ዝምተኞቹ ናቸው፤ ኬ 5፣ ኤች 4፣ ጂ 2። የሚናገሩት እነ ኤን፣ እነ አይ፣ እነ ቲ አንድ አንድ።

ስለ ኤስዋም ልጅቷ አስጠነቀቀችኝ፤ «ጋሼ ኤስ ስትደርስህ ዝም ብለህ አታውጣት፣ አራት ብቻ ናት ያለችው።» እውነቷን ነው። ጨዋታውን የፈለሰፈው አልፍሬድ በትስ የሚባል የኒው ዮርክ አርክቴክት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ሥራ አጣና ቁጭ ብሎ የኒው ዮርክ ታይምስን የፊት ገጽ ፊደል በፊደል ቆጠረ። የትኛው ፊደል ስንቴ ይመጣል እያለ። በእኛ ሰፈር ቢሆን ጠበል ይወሰድ ነበር። ከዚያ ቆጠራ ተነሥቶ ለኢ 12 ጠጠር ሰጣት፤ ኤስን ግን ሆን ብሎ ሰሰታት፣ ምክንያቱም ማንም ሰነፍ በሰው ቃል ጭራ ላይ ኤስ እየለጠፈ አንዱን ብዙ በማድረግ ብቻ ነጥብ እንዳይለቅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ጄምስ ብሩኖት የሚባል ሰው ጨዋታውን ተረክቦ ስክራብል አለው። በትስ ያሰበው ለሰነፎች ነው። የቃል ጭራ ላይ አድፍጣ የምትውል 11 ዓመት ልጅ አልታየችውም።

ለበቀል ተዘጋጀሁ። ነገሩ ሁሉ ያለው ጭራው ላይ መሆኑ ስለገባኝ፣ በአይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ የሚጨርሱ ቃላትን ሁሉ በደብተር አሰባስቤ ልሸመድድ ወሰንኩ። ማታ ሁሉም ሲተኛ የድሮ ዲክሽነሬን አወጣሁ። ችግሩ ግን ዲክሽነሪ የተደረደረው በራስ ነው፣ በጭራ አይደለም። በጭራው የሚታወቅን ቃል መፈለግ አክስትህን በመቀነቷ ብቻ እያወቅህ መርካቶ ገብቶ እንደመፈለግ ነው። ጆን ዎከር የሚባል እንግሊዛዊ ይህን ችግር አይቶ እ.ኤ.አ. በ1775 ቃላቱን ከጭራቸው የደረደረ መዝገበ ቃላት አሳትሞ ነበር፤ ገጣሚ ቤት መምቻ ሲቸግረው ከዚያ እንዲበደር። እኔ እጅ ላይ ያለው ግን ባለራሱ ነው። ከኤ ጀምሬ ገጽ እየገለጥኩ፣ ኤፍ ላይ «ፋይት»ን አገኘሁ። ኤል ላይ ደርሼ «ላይት» ብዬ ስጽፍ መብራት ጠፋ። ቀልድ አይደለም። ማለትም ቀልድ ይመስላል እንጂ መብራቱ እውነት ጠፍቷል። የቀረውን በሻማ ጻፍኩ፤ ማይት፣ ናይት፣ ራይት፣ ሳይት፣ ታይት።

እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። ቤቱ ይመታል፣ ጭራውም አንድ ነው። ከዚያ «ኤይት» መጣች፣ ቁጥር 8። ጭራዋ ያው አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ ነው። ድምፅዋ ግን አይት አይልም። ደግሞ ክሊኒክ ስንሄድ ከምንለካቸው ሁለቱ አሉ፤ ቁመት «ሃይት»፣ ክብደት «ዌይት»። ሲጻፉ ከመጀመሪያው ፊደል በቀር አንድ ናቸው፣ በአንድ ካርድ ላይ ጎን ለጎን ይውላሉ፣ ሲጠሩ ግን ዘመድ አይመስሉም። «ዲላይት» የምትባለው ደግሞ ጭራሽ የቤቱ ልጅ አይደለችም። ከፈረንሳይ ስትመጣ ጂም ኤችም አልነበራትም፤ ላይትን ስለመሰለቻቸው በ16ኛው መቶ ዘመን ገደማ ሁለቱን ጨመሩላት። ሰው የሌለውን ማዕረግ ከስሙ ጋር ይዞ እንደሚዞረው ነው።

በማግሥቱ ደብተሬን ሳነብ እናቴ ሰማችኝ። እናቴ ዳዊት ትደግማለች፤ ፊደል ማለት ለእሷ ቀልድ አይደለም።

«እነዚህ ጂ እና ኤች የምትላቸው ምን ይሠራሉ?»

«ምንም አይሠሩም እማዬ። ዝም ይላሉ።»

«ካልተናገሩ ምን ያጽፋቸዋል?»

መልሱን ፈልጌ አገኘሁላት። ጂ እና ኤች በጥንት ዘመን ሥራ ነበራቸው። እንግሊዞች ሌሊትን ከጉሮሯቸው፣ በእኛ ኸ ዓይነት ድምፅ «ኒኽት» ይሉ ነበር፤ ጀርመኖች እስከ ዛሬ «ናኽት» ይላሉ። ጸሐፍቱ ያችን ኸ ለመጻፍ ነው ሁለቱን ፊደል ያጣመሩት። እ.ኤ.አ. በ1476 ዊልያም ካክስተን ዌስትሚንስተር ላይ ማተሚያ ቤት ከፈተ። መጽሐፉ እየታተመ አጻጻፉ ሲረጋ፣ አፉ ግን ኸን እየተወ ሄደ። ድምፁ ሞተ፣ ልብሱ ሰሌዳው ላይ ቀረ። እኔ በሻማ የለቀምኩት እንግዲህ የሙት ልብስ ነው።

ይህን ስነግራት በእንግሊዞች ልትስቅ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን በእኔ ሳቀች። «አንተስ? ለፋሲካ በላክህልኝ ካርድ ላይ ሰላምን በንጉሡ ሠ ጽፈህ የለ!» አለች። ይህች ስህተት ከተሠራች አራት ዓመት ሆኗታል፤ እናቴ ግን ካርዱን ለማስረጃ አስቀምጣዋለች።

አሁን ምን ይባላል? እኛም ቤት ያለው ያው ነው። ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ ድምፃቸው አንድ ነው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ በአማርኛ አፍ አንድ ናቸው። አሌፉ አ እና ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ እንደዚያው። ድሮ በግዕዝ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ የትግርኛ ተናጋሪዎች ሐንና ዐን ዛሬም ከጉሮሯቸው ያወጧቸዋል። እኛ ድምፁን ትተን ልብሱን አስቀመጥን። በእንግሊዞች ዝምተኛ ጂ የምንስቅ ሰዎች «ዓለም»ን በአሌፉ አ የጻፈውን ሰው በስብሰባ መሃል እናሳፍራለን። ልዩነቱ፣ የእኛዎቹ ዝም አይሉም፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ ይናገራሉ። እንደ ስብሰባችን።

ወደ ሰሌዳው ልመለስ። በሁለተኛው ሳምንት ጭራ መያዝ ተምሬ ነበርና የራሴን ስልት አወጣሁ። የእኔ ሀብት ሽን ነው። የመሥሪያ ቤት ሰው በሽን ነው የሚኖረው፤ ኮሚሽን፣ ኮርፖሬሽን፣ ፌዴሬሽን፣ ፕሮሞሽን፣ ኢንስፔክሽን። ስንታመም ኢንፌክሽን፣ ስንታከም ኦፕሬሽን፣ ኑሮ ሲወደድ ኢንፍሌሽን፣ ስልክ ሲቋረጥ «ኮኔክሽን የለም»። ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ወደ አንደኛ ክፍል ሲያልፍ እንኳ ካባ ለብሶ ግራጁዌሽን ይደረግለታል። ስለዚህ ቲ፣ አይ፣ ኦ፣ ኤን ሲደርሱኝ ለአምስት ተራ አቅፌያቸው ኮርፖሬሽን ልሠራ ተቀመጥኩ። ኮርፖሬሽን 11 ፊደል ነው። በእጅ የሚያዘው ሰባት ነው። ይህን ስሌት አስቀድሞ የሚሠራልኝ የሒሳብ ክፍል ባልደረባ አጠገቤ አልነበረም።

በሽን ላይ ሌላም ጉድ አለ። እኛ በፊደላችን ሽን ብለን የጠቀለልነውን እነሱ በአምስት ስድስት ዓይነት ይጽፉታል። የኮሚሽን ሽን ከፕሮሞሽን ሽን ይለያል፣ የፋሽን ሽን ሌላ ነው፣ ኦሽን ማለትም ውቅያኖስ ደግሞ በሲ ነው የሚጻፈው። አማርኛ እነዚህን ሁሉ ተቀብሎ አንድ ዩኒፎርም አልብሶ አስገብቷቸዋል። የእንግሊዝኛ ጭራ ለዓይን አንድ ሆኖ ለጆሮ ይለያያል፤ ወይ ለጆሮ አንድ ሆኖ ለዓይን ይለያያል። እኔ ያደግሁት ደግሞ ያየሁትን በማንበብ ነው። ሀሁ የቆጠረ ሰው «ለ» ካለ «ለ» ነው፤ ነገ ጧት ዝም አትለውም።

እሷስ? እሷ ኢንግን ነበር ያቀፈችው። አይ፣ ኤን፣ ጂን ከመደርደሪያዋ ቀኝ ጥግ አስቀምጣ፣ ዝም ብላ፣ ሦስት ተራ አሳለፈች። እኔ ከኮርፖሬሽን ጋር ስታገል በአራተኛው ሰባቱንም ጠጠር በአንድ ጊዜ ዘረገፈቻቸው። «ዌይቲንግ»። መጠበቅ ማለት ነው። ቃሉ ራሱ 11 ነጥብ ነው፤ ሰባቱንም በአንዴ ለጨረሰ ሰው ግን 50 ነጥብ ጉርሻ አለ። በፍልሰታ፣ ባለቤቴ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ውሃ እንኳ በማትቀምስበት ቤት፣ አንዲት ልጅ የ50 ነጥብ ጉርሻ ጎረሰች።

ጾሙን ካነሣሁ አይቀር አንዱን ልናገር። አሜሪካኖች ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚፋጁበት አንድ እንቆቅልሽ አለ፤ በእንግሊዝኛ በጂ፣ አር፣ ዋይ የሚያልቁ ሦስት ቃላት አሉ፣ ሁለቱ ተራበ እና ተቆጣ ናቸው፣ ሀንግሪና አንግሪ፤ ሦስተኛው ማነው? ሰው ለዓመታት ራሱን አዞረ፤ የሚታወቅ ሦስተኛ ቃል አልነበረም። አንድ ቀን ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሆዴ ሲጮህ፣ ልጅቷ ያልገባኝ ቃል ሰሌዳው ላይ ደረደረች። ሀንግሪ ይመስላል፣ ሁለተኛው ፊደል ግን ዩ መሆን ሲገባው ኤ ነው።

«ተሳስተሻል፣ አንሺ!» ስል ጮህኩ።

«ጋሼ፣ ሲርበው የሚቆጣ ሰው ማለት ነው» አለች፣ ፊቴን እያየች።

ስልክ ላይ ፈለግን። ኦክስፎርድ እ.ኤ.አ. በ2018 መዝገበ ቃላቱ ውስጥ አስገብቶታል። በአሜሪካኖቹ ሕግ በከንቱ የከሰሰ ተራውን ያጣል፤ አጣሁ። ለነገሩ ቃሉን በእኛ ፊደል ብንጽፈው አንዱ ሀንግሪ ሌላው ሃንግሪ ነው፤ ሀ እና ሃ ደግሞ በአማርኛ አይለዩም። ጾም ላይ ያለ ሰውም በሁለቱ መካከል ልዩነት አያይም።

ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች ስለሚባለው ጭራ ብዙ አልናገርም፣ ያመኛል። አንዱ ጭራ ነው፤ አንዴ ዞ፣ አንዴ ስሩ፣ አንዴ ተፍ፣ አንዴ ኮፍ፣ አንዴ ባው ይላል። ስቅታን «ሂካፕ» ብለው በዚያው ጭራ የሚጽፉም አሉ። አንድ የሆላንድ ሰው፣ ጄራርድ ኖልስት ትሬኒቴ፣ ይህን ትርምስ ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1920 ረጅም ግጥም አድርጎ አሳተመው። ሆላንዳዊ መሆኑ አጽናንቶኛል። የቋንቋው ባለቤቶችማ ቤታቸው ስለሆነ ዕቃው መዝረክረኩን አያዩትም።

ያጽናናኝ ሌላም ሰው አለ፤ ኒጄል ሪቻርድስ ይባላል፣ የኒውዚላንድ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረንሳይኛ ስክራብል የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ፈረንሳይኛ አይናገርም! የቃላቱን ዝርዝር በቃሉ ይዞ ሄዶ ነው ባለ አገሮቹን ያሸነፋቸው። በ2024 በስፓኒሽም እንደዚያው አደረገ። ይህን ሳነብ የገባኝ፣ ይህ ጨዋታ ትርጉም ላወቀ ሳይሆን ጭራና ራስ ለገጠመ ሰው መሆኑ ነው። እኔ «ሂርባይ» የት እንደሚገባ ማወቄ እዚህ ዋጋ የለውም። ሰሌዳው ደብዳቤ አይደለም።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። ጨዋታውን ለሁለት ቀን ቆመው ካዩ በኋላ «የአማርኛውን ለምን አንሠራም? እኔ እቀርጻለሁ» አሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው ብለን ወረቀት አወጣን። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231። አንዳንድ ብቻ ቢቀረጽ እንኳ የበትስን ሁለት እጥፍ አለፈ፤ እነ ት፣ እነ ን፣ እነ ም ደግሞ በአንድ አይበቃቸውም። አናጺው እንጨቱን በልባቸው አስልተው ዝም አሉ። ከዚያ ነጥብ ስንሰጥ፣ ብርቅ ለሆነችው ለጰ 10 ሰጠናት። ኢትዮጵያ ልንል ነበር፤ በሕጉ የተጸውኦ ስም አይፈቀድም። ጳውሎስም ጴጥሮስም ወደቁ። የቀሩን ጳጳስና ጠረጴዛ ናቸው፤ ለጳጳስ ደግሞ ጳ ሁለት ጠጠር ያስፈልጋታል።

ከሁሉ የባሰው ጭራው ነው። እንግሊዝኛ ኤስን ለጥፎ ያበዛል፤ ያለውን አይነካም። አማርኛ «ቤት»ን «ቤቶች» ሊል ሲነሣ ግን ች ከኋላ ብትጨመር አይበቃም፣ የተቀመጠችውን ት አንሥቶ በቶ መተካት አለበት። የተቀመጠ ጠጠር ማንሣት ከተፈቀደ ደግሞ ጨዋታው ስክራብል መሆኑ ቀርቶ ገበጣ ሆነ። በሌላ በኩል ጥቅምም አለው። «አልነገረኝም» ሰባት ፊደል ነው። አድራጊው፣ ተደራጊው፣ ክህደቱ፣ ቅሬታው፣ ሁሉም በሰባት ጠጠር ያልቃል። 50 ነጥብ ጉርሻ! አንድ አማርኛ ተናጋሪ በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ «አልነገረኝም» እንደሚል ሲታሰብ ማንም አያሸንፈንም ነበር። አናጺው ግን 231ን ካዩ ወዲህ ሲያልፉ ሰላምታ ብቻ ነው።

ልጅቷ ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀራት ለትምህርት ቤቷ ስለ ከተማዋ ግጥም እንድትጽፍ የታዘዘችውን አስታወሰች። «ጋሼ፣ ሲልቨር በምን ቤት ይመታል?» አለችኝ። ለግጥም እንኳ እኛ ባለ ሀብቶች ነን አልኩ በልቤ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ መጣ፣ ወጣ፣ አመጣ፣ ቀጣ እያለ ቤቱ በራሱ ይመታል፤ አዝማሪ ቆሞ እያየህ በስምህ የሚገጥመው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለታችን ስንፈልግ አመሸን። እንግሊዝኛ ውስጥ ኦሬንጅ የረባ ቤት የላትም ይባላል። ማንዝ፣ ወር ማለት፣ እንደዚያው። ሲልቨርም ቤት አልባ ናት፤ በመጨረሻ ከትልቁ መዝገበ ቃላት «ቺልቨር» የምትባል አንዲት ቃል ወጣች። ትርጉሟ ሴት የበግ ግልገል ነው። ልጅቷ የምትኖርበት ከተማ በአሜሪካ የአበሻ መናኸሪያ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ እንጀራው፣ ክትፎው፣ ዕድሩ ሁሉ አለ። ስሙ ብቻ ነው በቋንቋው ውስጥ ከአንዲት ግልገል በቀር ዘመድ ያጣው። ግጥሙ ውስጥ ግልገሏ ገባች። መምህርቷ ወደዱት አሉ።

ከሄደች ወዲህ የምንጫወተው በስልክ ነው፣ ወርድልን። ጆሽ ዋርድል የሚባል ሰው ቃላት ለምትወድ ፍቅረኛው ብሎ የሠራው ነው። በስሙ ቀልዶ ወርድል አለው፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ለሕዝብ ለቀቀው፣ አራት ወር ሳይሞላ ኒው ዮርክ ታይምስ ገዛው። ሥራ አጡ በትስ ፊደል የቆጠረበት ያው ጋዜጣ። በቀን አንድ ባለ አምስት ፊደል ቃል ነው፤ ስድስት ሙከራ አለህ፤ የተገኘው ፊደል አረንጓዴ ይበራል።

አንድ ቀን በምወዳት በናይት ጀመርኩ። አራቱ የኋላ ፊደላት አረንጓዴ በሩ! አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ። ደብተሬን አወጣሁ፣ የሻማ ሰም ያለበትን። ላይት አልኩ፣ አይደለም። ራይት፣ አይደለም። ፋይት፣ ታይት፣ ሳይት። ስድስቱ አለቀ። መልሱ ማይት ነበር፤ ትርጉሙም አንድም ኃይል፣ አንድም ምናልባት።

«ጋሼ፣ አንዱን ሙከራ መሠዋት ነበረብህ» አለችኝ በስልክ። «ጭራውን ካወቅህ በኋላ ጭራውን ተወው። ፎርምስ ብትል ኤፍ፣ አር፣ ኤም፣ ኤስ አራቱ በአንድ ጊዜ ይጠየቁልህ ነበር።» ሙሉ ደብተር በሻማ የሞላሁት ጭራውን ለመያዝ ነው፤ የሚያሸንፈው ለካ ከያዘ በኋላ የሚለቅ ነው።

አንድ ብልጫ ብቻ አለኝ። የወርድል ቀን የሚቀየረው እንደየአገሩ እኩለ ሌሊት ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ በበጋቸው ከሜሪላንድ 7 ሰዓት ትቀድማለች። የዕለቱን ቃል ሁልጊዜ እኔ ቀድሜ አውቀዋለሁ። ልናገር ስል ስልኩን ትዘጋብኛለች።

ስክራብሉን ትታልን ነው የሄደችው፤ በሚቀጥለው ክረምት እንጨርሰዋለን ብላ። ከመሄዷ በፊት ጠጠሮቹን ቆጥራ 99 ሆኑባት። ሶፋው ተገለበጠ፣ ምንጣፉ ተነሣ፣ እናቴ ለቅዱስ ገብርኤል ተሳለች። አልተገኘችም። በስክራብል ካርቶን ውስጥ ኬ አንዲት ብቻ ናት። አሁን ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ጋቢ ውስጥ እያሻሸኋት ነው።